ለዘይና የሚነበብ፦ ስለ ፌርብሩክ ከተማ

ፌርብሩክ፣ አሜሪካ
ኅዳር 2 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለአያ ሙሀመድኑር፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ጀሊሉ እርስዎን፣ ቤትዎን፣ በቅሬ ዕድርዎ ሥር ያለውን ሰው ሁሉ በአፊያ ያቆይልኝ። እኔ ሙጂብ ነኝ፣ የአክስትዎ የልጅ ልጅ። ብዙ ዓመት ሳልጽፍ ቆይቼ ዛሬ በክፉ ወሬ ስለመጣሁ አፉ ይበሉኝ።

ይህን ሲያነቡ አጠገብዎ ሰው ካለ ራቅ ይበሉ። የሰፈራችሁ የስልክ ማማ ከተበላሸ ወዲህ ያለችን መንገድ ልጅዎ ሶፍያ ስለሆነች እሷም ሰምታለች። አዲስ አበባ ሆና በስልክ የላክሁላትን በእጇ ገልብጣ፣ አሽጋ፣ ለከሚሴ ሹፌር ከእርስዎ በቀር ለማንም እንዳይሰጥ አስምላ እንድትልክ ነግሬያታለሁ።

ኢርፋን ሞቷል፣ አያ። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። የወንድምዎ ልጅ፣ የእቴ ዘይና አንድ ወንድ ልጅ። ሐሙስ ዕለት ከመግሪብ በኋላ ለሰው ቤት ምግብ ሊያደርስ በብስክሌት ወጥቶ መኪና ገጨው። ሆስፒታል ስደርስ በነጭ ጨርቅ ሸፍነውት ነበር። ዲቪ ደርሶት ሲመጣ "ተቀበልልኝ፣ አማናህ ነው" ያሉኝ እርስዎ ነዎት። ሁለት ዓመት በአንድ ክፍል አብረን ኖርን። አማናውን አልጠበቅሁም።

ስለ ቀብሩ ሌላ ቀን እጽፋለሁ። ዛሬ እጄ እንቢ አለኝ።

ለእናት መርዶ በስልክም በወረቀትም እንደማይነገር አውቃለሁ። ስለዚህ ለእርስዎ፣ ለቅሬው ዳኛ ጻፍኩ። እንደ ወጉ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎቹን አስቀድመው፣ ሴቶቹን አስከትለው ደጇ ላይ ይቁሙላት። ብቻዋን እንዳትሰማው። እኔ ብቻዬን ሰምቼው እንዴት እንደሆነ አይቻለሁ።

የእርስዎ ሙጂብ

*

ከከሚሴ በታች፣ ጨፋ
ኅዳር 29 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለሙጂብ፣

ወዓለይኩሙ ሰላም። አላህ ያጽናህ፣ አብሽር። አማናውን አልጠበቅሁም ያልከውን ግን ሁለተኛ እንዳትጽፍ። ቀን የሚቆርጠው አንተ አይደለህም።

ወረቀትህን ማሽላው ውስጥ ገብቼ አነበብኩት። ዘንድሮ ማሽላው ከሰው ቁመት በላይ ነው፤ አጫጅ ጠፍቶ እስካሁን ቆሟል። እዚያ መሬት ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። በዳኝነቴ የስንቱን ሰው መርዶ ተናግሬያለሁ፤ የራሴን ሥጋ መርዶ ግን አገዳ ውስጥ ተደብቄ አለቀስኩት።

ሽማግሌዎቹን ሰብስቤ ነገርኳቸው። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ልንሄድ ቆርጠን ስንነሳ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ዓዲላ "ነኢማስ?" አለ። ሁላችንም ተመልሰን ተቀመጥን። ነኢማ፣ የኢርፋን ታላቅ እህት፣ ልትወልድ ደርሳ እናቷ ቤት ናት። ሁለት ጊዜ አርግዛ ሁለቱም ወርዶባታል። በዚያ ቤት ዋይታ ብናነሳ ምን ሊሆን እንደሚችል ለአንተ አይነገርህም። እስክትገላገል ይቆይ ተባባልን፤ ሁሉም ወላሂ ብሎ አፉን ያዘ።

የቸገረችኝ ዘይና ናት። ታውቃታለህ፣ ቅቤ ነጋዴ ናት፤ ቅቤውን ሳትቀምስ በእጇ ብቻ መዝና የተቀላቀለበትን ትለያለች። ከአሜሪካ ወረቀት መጣ ሲባል ሰምታ ከገበያ በቀጥታ እኔ ዘንድ ደረሰች።

"አካም ነጋ፣ ሰላም ነው አያ? ልጄ ምን አለ?"

"ደህና ነው። ሙጂብ ስለ ከተማው ነው የጻፈው" አልኳት።

"ስለ የቱ ከተማ?"

"ስለሚኖሩበት።"

"እንግዲያ አንብብልኛ!"

መነጽሬን ረሳሁ ብዬ አመለጥኩ። መነጽሬ ግንባሬ ላይ ነበር።

እንግዲህ ስለ ከተማው ጻፍልኝ ልጄ። ነኢማ እስክትገላገል ድረስ ብቻ። ኢርፋንንም አግባበት፤ ምን እንደሚበላ፣ ብርዱን እንዴት እንደቻለው። ውሸት መሆኑ አልጠፋኝም። ወንጀሉ በእኔ ይሁን።

አጎትህ ሙሀመድኑር

*

ፌርብሩክ
ታኅሣሥ 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለአያ ሙሀመድኑር፣

ሰላምታዬ ይድረስዎ፤ አላህ ነኢማን በሰላም ያገላግልልን። እንዳሉኝ አደረግሁ። ኢርፋን ያላለውን ግን አላስባልኩትም። በሕይወት ሳለ የሠራውንና የተናገረውን ነው ዛሬ እንደሚያደርገው አድርጌ ያስቀመጥኩት። ከዚህ በታች ያለውን ብቻ ያንብቡላት።

እቴ ዘይና፣ እንዴት ከረምሽ? የቅቤው ገበያ፣ ላሞቹ፣ ነኢማ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን።

የምንኖርባት ከተማ ፌርብሩክ ትባላለች። ፊላደልፊያ ከሚባለው ትልቅ ከተማ በባቡር ግማሽ ሰዓት ትርቃለች። ጠዋት ሰዉ ሁሉ ቦርሳውን አንግቶ ወደ ትልቁ ከተማ ይነጉዳል፣ ማታ ይመለሳል። ቀን ቀን ከተማዋ ለአሮጊቶች፣ ለውሾችና እንደ እኛ ላለው ሠራተኛ ትቀራለች።

ያረጀች ከተማ ናት፣ በእርጅናዋም ትኮራለች። ዋናው መንገድ አንድ ነው፤ ግራና ቀኙ የድንጋይ ቤት፣ መስኮቱ ጠባብ፣ በሩ ዝቅ ያለ። በየበሩ ላይ ትንሽ ሰሌዳ ተቸንክሯል፤ ቤቱን የሠራው ሰው ስም፣ ሥራው፣ ዓመቱ። የእኛ ክፍል ያለበት ቤት "ቶማስ፣ ኮርቻ ሰፊ፣ 1768" ይላል፤ በእነሱ አቆጣጠር። ኢርፋን ሲወጣም ሲገባም "ቶማስ፣ ኮርቻዬ ደረሰ ወይስ ነገ ልመለስ?" ይለዋል።

በርን በፈለጉት ቀለም መቀባት ክልክል ነው። የድሮ ነገር የሚጠብቅ ኮሚቴ አለ፣ ቀለሙን የሚፈቅደው እሱ ነው። ጎረቤታችን አንዲት አሮጊት በሯን ቢጫ መቀባት አምሯት ስትከራከር ዓመታት አለፉ። አንድ ሆቴል ደግሞ አለ፤ በድሮ ጦርነት ጊዜ አንድ ጄኔራል አንድ ሌሊት አድሮበታል ይላሉ። የተኛበት አልጋ በገመድ ታጥሮ ይጎበኛል። ኢርፋን አይቶት "አያ ሙሀመድኑር ባቲ ገበያ ሲሄድ ያደረበትን ቤት ሁሉ ብናጥር የወሎ ገመድ ያልቃል" አለ።

የውሃ ወፍጮም አላቸው። ትልቅ የእንጨት ጎማ ቀኑን ሙሉ ይዞራል፣ የሚፈጭ እህል ግን የለም። እሁድ እሁድ ልጆች ሊያዩት ይመጣሉ። ኢርፋን "ጨፋ ሮቢት ብንተክለው ሰው ተሰልፎ ይውልበት ነበር" ይላል። በጥቅምት የበዓል ቀን አላቸው፤ የጥንት ልብስ ለብሰው ሁለት ወገን ይሆኑና ጥይት በሌለው ጠመንጃ ይታኮሳሉ። የተመታው ይወድቃል። ሲያበቃ ሁሉም ተነስተው ሣራቸውን አራግፈው ሻይ ይጠጣሉ።

ከከተማዋ ግርጌ ከቦርከና ያነሰ ወንዝ አለ። በዚህ ወራት ዳር ዳሩ በረዶ ይሠራል።

ኢርፋን ወፍራም ጃኬት አለው፤ ዚፑን ግን ዝጋ ብለው አይሰማኝም። ሩዝ መቀቀል ለምዷል፣ በርበሬው ሲያልቅ ያዝናል። ሰላቱን አይተውም። ሲተኛ አሁንም አንድ እግሩን ከብርድ ልብሱ ውጭ ያወጣል፤ ከልጅነቱ ነው ወይ እቴ?

ሙጂብ

*

ጨፋ
ጥር 30 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለሙጂብ፣

የጀሊሉ ሰላም አይለይህ። ነኢማ ወንድ ልጅ ወለደች። ሁለቱም ደህና ናቸው፣ አልሐምዱሊላህ።

ወረቀትህን ዘይና አጎንብሳ ሰማችው። ሲያልቅ "ከላይ ጀምር" አለች። ደግሜ አነበብኩ። ስለ እግሩ ያነሳኸው ቦታ ላይ "ከልጅነቱ ነው፣ አባቱም እንዲያ ነበር" ብላ በነጠላዋ ዓይኗን ጠራረገች። የቢጫውን በር ነገር ገበያ ወስዳ አወራችው፤ አሁን የከሚሴ ቅቤ ሻጭ ሁሉ በዚያ ኮሚቴ ላይ ተቆጥቷል። ጥይት የሌለው ጠመንጃ ያልከውን ሲሰማ ዓዲላ "እዚህ ያሉትን በዚያ ለውጡልን በሉት" አለኝ። ከማሽላው አጨዳ ጀምሮ ተኩስ ያልሰማንበት ሳምንት ጥቂት ነው። የእኛዎቹ ሣራቸውን አራግፈው አይነሱም።

አሁን ወደ ከበደኝ ነገር ልምጣ። ነኢማ ከተገላገለች በኋላ ለዘይና እንነግራታለን ብለን ነበር። በሚስጥር ያማከርናቸው ሴቶች ግን ገና ጡቷ ወተት ሳይዝ፣ ከአራስ ቤት ሳትወጣ እንዴት ተብሎ አሉ። እውነታቸውን ነው። እኔ ግን የኢርፋን ሰደቃ ሳይወጣ መቆየቱን ልቤ አልችል አለ። ልጁ በሰው አገር አፈር ውስጥ ገብቶ አንድ የቁርአን አንቀጽ በስሙ በቤቱ አልተቀራም። ስለዚህ ለአራሷ ዱዓ እናድርግ ብዬ ፍየል አስጎትቼ ዘይና ግቢ ገባሁ። ሽማግሌዎቹና የቁርአን ተማሪ ደረሶቹ መጡ፣ ቁርአኑ ተቀራ። እኛ በልባችን ለማን እንደሆነ እናውቃለን።

ዘይና ወጡን ራሷ ሠራች። ዱዓው ሲዘጋ ከጓዳ እልል አለች። እልልታዋን ስሰማ ምድር ብትከፈት ምን ነበረበት አልኩ። ከዚያ ትሪውን ይዛ እየዞረች "ብሉ እንጂ! ዛሬ ምን ነካችሁ? የልጄ ደስታ አይደለም ወይ?" ትለናለች። ዓዲላ ሥጋውን ጎርሶ ማላመጥ አቃተው፤ ወጥቶ ከአጥሩ ኋላ ተፋው። የልጇን የሞት ሰደቃ እየሳቀች አበላችን። ይህን ያደረግሁት እኔ ነኝ።

አንድ ነገር ደግሞ ጠየቀች። "ወንዝ አለ ብሏል። ልጄ በምን ይሻገራል?" አለችኝ። ባሏን፣ ሙሳ ወንድሜን፣ ቦርከና በክረምት እንደወሰደው ታስታውሳለህ። ከዚያ ወዲህ ወንዝ የሚል ቃል ስትሰማ ትደነግጣለች። "ድልድይ አለ" አልኳት። "ጽፎልኛል ወይ?" አለች። "ይጽፍልሻል" አልኳት። ስለ ድልድዩ ጻፍላት፣ ልቧ ይረፍ።

አጎትህ ሙሀመድኑር

*

ፌርብሩክ
መጋቢት 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለአያ ሙሀመድኑር፣

ረመዳን ከሪም። አላህ ጾማችሁን ይቀበል፣ ምድራችሁን ያርጋ። መጀመሪያ የጠየቁኝን ይኸው፤ ይህን ያንብቡላት።

እቴ ዘይና፣ ድልድይ አለ። የድንጋይ ነው፣ ሦስት ቅስት አለው፣ ሁለት መቶ ዓመት አልፎታል። ጎርፍ አልነቀነቀውም። በእሱ ላይ የሚሄድ ሰው ውሃ አይነካውም።

እዚህ ላይ ያቁሙ። የቀረው ለእርስዎ ነው።

አያ፣ ኢርፋን የሞተው እዚያ ድልድይ ላይ ነው።

ስለ ከተማዋ የመጀመሪያውን ወረቀት ስጽፍ ወንዙን ጠቅሼ ድልድዩን የዘለልኩት ለዚህ ነበር። እሷ የዘለልኩትን ነገር ለይታ ጠየቀችኝ። ድልድዩ ለጋሪ የተሠራ ስለሆነ ጠባብ ነው፤ የእግረኛ መንገድ የለውም። መኪና ሲመጣ ብስክሌተኛ ከግንቡ ጋር ይጣበቃል። ባለ መኪናው ስልኩን ያይ ነበር አሉ፣ አላይም ነበር አለ። እኔ ልጁን ብቻ ነው ያየሁት።

ከሞተ በኋላ የከተማው ሰው በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ስብሰባ ጠራ፤ ድልድዩ ይስፋ ወይስ አይስፋ ተብሎ። የቢጫ በሯ አሮጊት ተነስታ "ሰው ሞቶበታል!" ብላ ጮኸች። የኮሚቴው ሰዎች አዘኑ፣ እውነትም አዘኑ፤ አንዷ ታለቅስ ነበር። ግን ድንጋዩ ከተነካ ታሪክነቱ ይጠፋል አሉ። ዘመድ ካለ ይናገር ተባለ። ተነሳሁ፣ ተመልሼ ተቀመጥኩ። በመጨረሻ ብስክሌተኞች ወርደው በእግር ይሻገሩ የሚል ማስታወቂያ ተከሉ። ከጎኑ ድልድዩ የተሠራበትን ዓመትና የሠራውን ግንበኛ ስም የሚናገር የነሐስ ሰሌዳ አለ። የኢርፋን ስም የትም የለም። አንድ ሌሊት ያደረ ሰው አልጋ የሚታጠርበት ከተማ ነው አያ፤ ሁለት ዓመት የኖረበት ልጅ እንዳልነበረ ሆነ። ለሥራ ስሄድ በየቀኑ የምሻገረው በዚያ ላይ ነው፤ ሌላ መንገድ የለኝም።

እዚሁ ከተማ ልቀብረው ፈልጌ ነበር። መካነ መቃብራቸው ሞልቷል፣ ከመቶ ዓመት ወዲህ ሰው አልገባበትም አሉኝ። ያለበትን ቦታ ሌላ ቀን እጽፋለሁ።

ከዚህ በኋላ ሕያው አድርጌ አልጽፈውም። ጃኬቱ በሩ ኋላ ተሰቅሏል፤ ዚፑን ስለማይዘጋው ልጅ ከጻፍኩ በኋላ ቀና ስል እሱን አያለሁ። አፉ ይበሉኝና አልችልም። ከዒድ በኋላ ይንገሯት። በአላህ ይሁንብዎ።

ሙጂብ

*

ጨፋ
ሐምሌ 8 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለሙጂብ፣

ሰላሙን ያብዛልህ። የረመዳን ወረቀትህ የደረሰኝ ዐረፋ ካለፈ በኋላ ነው። መንገድ ተዘግቶ ሹፌሩ ደብረ ሲና ላይ ሳምንታት ቆሟል። ይህኛውም መቼ እንደሚደርስህ ጀሊሉ ይወቅ።

ስለ ድልድዩ የጻፍካትን ሦስት መስመር አነበብኩላት። እጇን ወደ ሰማይ ዘርግታ "አልሐምዱሊላህ፣ ድልድይ አለ" አለች። ከዚያ ወዲህ ገበያ ላይ ለማያውቃትም ሰው ትናገራለች፤ ልጄ ያለበት አገር ድልድዩ የድንጋይ ነው፣ ጎርፍ አይነቀንቀውም ትላለች። የቀረውን ለብቻዬ አነበብኩት።

የኛ ቅሬ እንደ ድሮው አይደለም። ከሽማግሌዎቹ ሦስቱ ግርግሩን ሸሽተው ባቲ ዘመድ ዘንድ ገብተዋል። ባለፈው ሰው ሞቶብን ቃሬዛውን የሚሸከም ትከሻ ጠፍቶ ሴቶች እስከ መንገዱ አገዙን። እኔም ስኳሬ ተነስቷል። መድኃኒቱ ከሚሴ የለም፤ ሶፍያ ከአዲስ አበባ የላከችው መንገድ ላይ ሐሩር መትቶት ነው መሰል አልሠራልኝም። የግራ እግሬ ጣት ቆስሎ እንቢ ብሏል። አንተ ዘንድ የሚገኝ ከሆነ ብትልክልኝ ብዬ ነበር፤ ግን በየት በኩል ይደርሳል?

ይህ ሁሉ ሰበብ ነው ልጄ። እውነቱን ልንገርህ፤ ፈራሁ። መርዶ በጊዜው ሲነገር መርዶ ነው። እኔ ከኅዳር እስከ ሐምሌ ልጇን ስመግበው፣ ሳለብሰው፣ ሳስቀው ከርሜ አሁን ምን ብዬ ደጇ እቆማለሁ? "የዚያን ቀን የበላነው ፍየል የልጅሽ ነበር" ልበላት?

ደግሞ አልጽፍም ካልከኝ ወዲህ የባሰ ሠርቻለሁ። ስትመጣብኝ የቆየ ወረቀት አውጥቼ ከራሴ እያነበብኩላት ነው። ኢርፋን የአሮጊቷን በር ቢጫ ቀባላት አልኩ፤ ኮሚቴው ፈቀደ አልኩ። በወፍጮው ስንዴ አስፈጨ አልኩ። ፌርብሩክን አይቻት አላውቅም፣ አሁን ግን መንገዷ ሁሉ ይመጣብኛል። ዘይና ስትስቅ ደስ ይለኛል፤ ከዚያ እሷ ስትሄድ ራሴን እጠላለሁ።

መውሊድ ሲያልፍ እነግራታለሁ። ሰው ቢጠፋም ብቻዬን ሄጄ እቆማለሁ። ዱዓ አድርግልኝ።

አጎትህ ሙሀመድኑር

*

ጨፋ
ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.
በሶፍያ እጅ

ለሙጂብ፣ ለአክስታችን የልጅ ልጅ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። ይህን የምናገረው እኔ ዘይና ነኝ። የምትጽፈው ሶፍያ ናት፤ አባቷን ልትቀብር መጥታ ነው። አያ ሙሀመድኑር ወደ አኺራ ሄደ። እግሩ ጠቆረ፣ ከዚያ ትኩሳቱ ወጣበት። አንተ የላክኸው መድኃኒት የደረሰው ከቀብሩ በኋላ ነው። ሶፍያ የመድኃኒቱን ሣጥን አቅፋ ስታለቅስ ዋለች። አላህ ይማረው በል። አንተም አልቅስ፣ ግን ብዙ አታልቅስ፤ ቀጥሎ የምነግርህ አለ።

መርዶዬ አፉ ውስጥ እንዳለ ነው የሞተው።

በመጨረሻው ቀን አስጠራኝ። "ዘይና፣ ኢርፋን..." ብሎ ጀመረ። ትንፋሹ ይቆራረጣል፣ ላቡ ትራሱን አርሶታል። አፉን በእጄ ያዝኩት። "ደክሞሃል አያ፣ ስለ ድልድዩ ነግረኸኛል እኮ፣ ይበቃል" አልኩት። ዓይኔን አየኝ። ማወቄን ያን ጊዜ አወቀ። እንባው ወደ ጆሮው ወረደ።

አዎ ሙጂብ፣ አውቃለሁ። ከፍየሉ ቀን ጀምሮ ነው። ዓዲላን ከልጅነቴ አውቀዋለሁ፤ አጥንት ሳይግጥ ከሰደቃ ቤት ወጥቶ አያውቅም። ያን ቀን ትሪ ይዤ ብዞር አንድም ሽማግሌ ዓይኔን አላየም። ጓዳ ገብቼ ድስቱ አጠገብ ተቀመጥኩ። በበነጋው ከሚሴ ወርጄ ከሱቅ የልጄን ስልክ አስደወልኩ፤ አይነሳም። ደግሞም የአንተ ወረቀት። የእኔ ልጅ አኩራፊ ነው፣ በትንሽ ነገር ፊቱን ያዞራል፣ እህል ይተዋል። በአንተ ከተማ ውስጥ አንድ ቀን አላኮረፈም። እንዲህ ያለ ልጅ አልወለድኩም።

ለምን ዝም አልሽ ትለኝ ይሆናል። መጀመሪያ ለነኢማ ብዬ ነው። በኋላ ግን ለራሴ ነበር። እስካልተነገረኝ ድረስ ልጄ ኮርቻ ሰፊውን ሰላም እያለ ይወጣል፣ ይገባል። አያ እየዋሸ ሲያነብ አውቅ ነበር፤ ወረቀቱን ገልብጦ ይይዛል። ማንበብ ባላውቅም የወረቀት እራስና ግርጌ ይጠፋኛል? ልጄ በሩን ቢጫ ቀባ ያለኝ ቀን አያ ራሱ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። ሁለታችን ሬሳ መሃላችን አስተኝተን ሳቅን።

አሁን ሶፍያ በአባቷ ሣጥን የነበሩትን ወረቀቶች ሁሉ አነበበችልኝ። አላነብም ብላ እግሬ ላይ ወደቀች፤ በግድ አስነበብኳት። ስለ ድልድዩ ሰማሁ። ባሌን ውሃ ስለወሰደው ልጄን ከውሃ ስጠብቅ፣ ድልድይ አለ ብዬ ስንቱን ሰው እንኳን ደስ አለሽ አስባልኩ። የገደለውን ነገር ነበር በየገበያው የማመሰግነው። ያ ረቢ። ይህን ለማን ብዬ እናገራለሁ?

ዕንባ አለኝ፣ ማፍሰሻ የለኝም። የሞተበት ሰው ይለቀስለታል፣ ቅሬው ድንኳን ይጥልለታል፣ ሴቶች አብረው መሬት ይቀመጣሉ። እኔ ይህ ሁሉ ቀርቶብኝ ቅቤ እሸጣለሁ። የቀሩት ሽማግሌዎች መንገድ ላይ ሲያዩኝ ይሸሹኛል፤ መንገር የዳኛው ነበር፣ ዳኛው ሞተ፣ ሌላ ዳኛ ለመምረጥ ሰው አልተሰበሰበም። አንተ ብቻ ቀረህ።

ስለዚህ መርዶዬን አንተ ጻፍልኝ። በወረቀት አይሆንም እንዳትለኝ። ወጉን የሚያውቁት አልቀዋል።

ሌላ ቀን እጽፋለሁ እያልክ የዘለልከውን ሁሉ ጻፍ። ማን አጠበው? ከፈኑን ማን ቆረጠ? ስንት ሰው ሰገደበት፣ አንድ የሰጋጅ ሶፍ ሞላ ወይስ አልሞላም? ቃሬዛውን አራት ትከሻ ይዞት ነበር ወይስ በመኪና ሄደ? ፊቱን ወደ ቂብላ ያዞረው እጅ የማን ነው? ከተማዋ ሞልቷል ካለች የት ነው ያለው፣ በላዩ ዛፍ አለ ወይ? እግሩንስ ወደ ውስጥ አስገባችሁለት?

ስለ ከተማዋ አንድ ቃል እንዳትጨምር። ስሟንም አልሻም።

ሲደርስ ሶፍያ ለዓዲላ ትሰጠዋለች። ጎህ ሲቀድ የቀረውን ሰው ይዞ ይመጣል፤ ሁለት ቢሆኑም ሦስት ቢሆኑም። እኔ የማውቀው የለኝም። በሩን ከፍቼ በዚህ ሰዓት ምን እግር ጣላችሁ እላቸዋለሁ። ዓዲላ ይናገራል፣ ሶፍያ ታነባለች። ሴቶቹ እንዳይዘገዩ በላቸው፤ ስወድቅ የሚይዘኝ ይኑር።

እስኪደርስ ድረስ ዘይና ደህና ናት። ልጇም አሜሪካ ነው።